ተራራውን ያበራው ፎቶ አንሺ

ይህን ሰው በደንብ አውቀዋለሁ ለማለት አልደፍርም። የተከራየሁት ክፍል ከፎቶ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ ስለሚዋሰን የማውቀው ይበልጥ ድምፁን ነው። ሰፈሩ «አብሪው» ይለዋል። ሴት ደንበኛ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ «እስቲ ላብራሽ እህቴ» ይላታል፤ ያበራትና አፍንጫዋ የት እንደገባ የማይታወቅ፣ የገዛ እናቷ የማትለያት ሴት አድርጎ ይሸኛታል። ደንበኞቹ ቀላን ብለው ደስ ይላቸዋል። እሱም ጥበብ ነው ብሎ ደረቱን ይነፋል።

አንድ ቀን ታላቅ እህቱ መጣች። አልጋ የያዘችው እናታቸው እሷ ቤት ናት፤ ጠዋት ጠዋት ያደገችበትን ባለ ሁለት ጫፍ ተራራ እያስታወሰች ትቆዝማለች። ተራራውን ደግሞ የጠጠር ፋብሪካው በማግስቱ በድማሚት ሊያፈርሰው ነው። እህቱ ለእናቷ አልጋ ፊት ለፊት የሚሰቀል ፎቶ ፈለገች።

እኔ ጃንጥላ ያዥ ሆኜ አብሬያቸው ሄድኩ። ፀሐይዋ ተራራው ላይ ቦግ ብላለች። አብሪው ጃንጥላው ስር ተሸጉጦ፣ ስቱዲዮ ውስጥ እንደለመደው የብርሃን መለኪያውን መዳፉ ላይ ደቀነ፤ ካሜራውንም በዚያው ልክ ብርሃን አብዝቶ እንዲያስገባ አስተካከለ። ከዚያ ስለ ትዕግሥት ሰበከን። ትዕግሥቱ አንዴ ቀጭ እስኪያደርግ ነበር።

«እስቲ አሳየኝ» አለች እህቱ።

«እትዬ፣ ስክሪን የሚያይ ጀማሪ ነው።»

«አንተ፣ ተራራው ነገ እኮ የለም!»

«አብርቼልሻለሁ አልኩሽ፤ በቃ!»

ተራራው ፈረሰ። ፎቶው ታጥቦ፣ ባለ ወርቅ ቀለም ፍሬም ገብቶ ቀረበ። ከታች ጥላ ውስጥ ያለ ያማረ ቁጥቋጦ፣ ከላይ ባዶ ነጭ።

«ተራራው የታለ?»

«አለ እንጂ! ጠጋ ብለሽ እዪዋ።»

«እማዬ ታመመች እንጂ አላበደችም። የታጠበ አንሶላ ልስቀልላት?»

«ጭጋግ ነበር እኮ፣ እትዬ።»

ጭጋግ! ያን ቀን እኮ ተራራው ጫፍ ላይ ያለው ዛፍ ቅርንጫፉ ሳይቀር ይታይ ነበር።

እህቱ ፍሬሙን ባንኮኒው ላይ ጥላለት፣ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች ወጣች። እኔ ሰው ፊት አፌ የሚተሳሰር ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን እንደምንም ጠየቅኩት።

«ተራራው ፀሐይ ላይ ሆኖ ሳለ፣ አንተ ብርሃኑን የለካኸው እኔ በያዝኩልህ ጃንጥላ ጥላ ስር አልነበረም?»

በር ላይ ወደቆመች ደንበኛ ዞሮ ወንበሩን በእጅጌው ጠረገ።

«ግቢ እህቴ» አላት፤ «እስቲ ላብራሽ።»