ሁለት ቤት የነበረው ድረ ገጽ

በኩዌት ምድር እንደኔ ኮምፒውተር የሚታዘዝለት ሐበሻ አልተፈጠረም። አንድን ድረ ገጽ ከካምፓኒ ካምፓኒ ለማዛወር ሻይ እስኪበርድ እንኳ አይፈጅብኝም። ኩዌት ላለን ሐበሾች የስልክ ግሩፕ እንዲህ ብዬ ነበር የጻፍኩት።

ጊዜው ኮሮና ነው። ሐዋሊ ሰፈር የምሠራበት የሞባይል ጥገና ሱቅ ተዘግቶ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ስመላለስ ምንጣፉ ላይ አውራ ጎዳና አውጥቻለሁ። እንቅልፍ ራሱ አድክሞኝ ነበር። የቀረኝ ሥራ አንድ ነው፤ የአገራችን ሰዎች የሚፈላለጉበትን ድረ ገጽ መጠበቅ። ዘመድ የጠፋበት «አፋልጉኝ» ብሎ ይጽፋል፤ ያወቀ ከሥሩ ይመልስለታል። የተከራየንበት ሰርቨር በየቀኑ ሲወድቅብኝ ወደ ሌላ ካምፓኒ ተዛወርኩ። ባክአፑን፣ ማለትም የድረ ገጹን መጠባበቂያ ቅጂ፣ አዲሱ ሰርቨር ላይ ጫንኩ፤ ድረ ገጹን ስከፍተው ሁሉም በቦታው ነው። «ተፈጸመ!» ብዬ ጋደም አልኩ።

በማግስቱ ባያን ሰፈር ውስጥ ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት የወሎ ሴት ደወለች። የምትደውለው ማዳሟ ስትሰግድ ነው። ታናሽ እህቷ ከአሠሪዎቿ ቤት ወጥታ ድምፅዋ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኗል። ማህቡላ ሰፈር ታየች ተብሏል፤ ማህቡላ ደግሞ በኮሮናው ምክንያት ታጥራ መግቢያ የለም። ተስፋዋ እኛ ጋ የጻፈችው ማስታወቂያ ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ ማስታወቂያዬ የለም።»

«እያየሁት እኮ ነው፣ እህቴ። ስልክሽ ጃጅቶ ነው።»

«ወላሂ የለም! ያለው የዓምና የኢድ መልካም ምኞት ነው።»

«አጥፍተሽ አብሪው።»

«ስንቴ ላጥፋው? መጥተው ያጥፉልኝ እንጂ!»

ሁለት ቀን ሙሉ በዚህ ተነታረክን። በሦስተኛው ቀን የቤቴ ኢንተርኔት ተቋረጠና ድረ ገጹን በስልኬ ካርድ ኢንተርኔት ከፈትኩት። የዓምናው የኢድ ምኞት ፊቴ ላይ ተገተረ።

ያኔ ገባኝ። ቤት ስትቀይር የድሮውን ሰፈር የለመደ ታክሲ እዚያው እንደሚያወርድህ፣ የቤቴ ኢንተርኔትም የድረ ገጹ አድራሻ ወደ አዲሱ ሰርቨር መዞሩን ገና አልሰማም ነበር። «ተፈጸመ» ብዬ ያደነቅኩት የድሮውን ቤት ነው። እሷ የቆመችው አዲሱ ቤት ውስጥ፣ የዓመት ዕድሜ ባለው ባክአፕ ፊት ነበር።

የድሮው ካምፓኒ የሚዘጋን በዚያው ቀን ማታ ነው። በቀጥታ ወደ ድሮው ሰርቨር ገባሁ። ማስታወቂያዋ አለ። ከሥሩ ታናሽየዋ ከትናንት ወዲያ መልሳለች፤ ለካ የማህቡላውም ኢንተርኔት መዛወራችንን አልሰማም ኖሯል። «እታለም፣ ደህና ነኝ። ያለሁት ሰው ጋ ነው፤ ስልኩ ይኸው።»

አዲስ ቅጂ ወስጄ ጫንኩና ቁጥሩን ለትልቅየዋ ላክሁላት። ማታ ደወለች። የዕቃ ማጠቢያው ውኃ ይንሿሿል፤ ማዳም ልቅሶዋን እንዳትሰማ ከፍታው ነው።

«አገኘኋት፣ ጋሼ! አላህ ይስጥልኝ። ያ ካምፓኒ ግን ምን ዓይነት ቢሆን ነው እንዲህ የሚጫወትብን?»

«ምን ይደረግ፣ እህቴ» አልኳት።

ካምፓኒው ምንም አላደረገም። በተዛወርኩበት ቀን አዲስ ባክአፕ መውሰድ ሰልችቶኝ፣ የዓምናውን አንስቼ የጫንኩት እኔ ነኝ። ለግሩፑ «ጥፋቱ የካምፓኒው ነው» ብዬ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።