ከወገብ የቀረው ካብ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሰው አሳቅሁ። በሌላ ሙያ ቢሆን ደግ ነበር፤ የእኔ ሙያ ግን ማስለቀስ ነው። ጎረቤላ አጠገብ አንድ ባላህያ ሞቶ፣ የአገሩ ስመ ጥር አልቃሽ እትዬ አጸደ ተቀባይ አድርጋ ይዛኝ ሄደች። ተቀባይ ማለት አውራጇ ያለችውን ሙሾ እየደገመች ደረቷን የምትመታ ናት። አውራጇ ሳትጀምር ተቀባይ አፏን አትከፍትም። እኔ ግን ድምፄን ተማምኜ ቸኮልኩና ቀደምኳት።

«አንበሳ ገዳዩ፣ የጦር ሜዳው ጌታ...»

ከኋላ አንዱ ሳል ያዘው መሰለኝ። ቀጥሎ ሌላው። ሟቹ ከአልዩ አምባ ጨው ሲጭን የኖረ፣ ጅብ ሲጮህ በሩን በድንጋይ የሚያስደግፍ ሰው ነበርና ለቀስተኛው ነጠላውን አፉ ላይ ጭኖ ሳቀ። እህቱ አንገቷን ደፋች። እትዬ አጸደ ክንዴን ቆንጥጣ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ።

«ሰውየውን ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም።»

«ታዲያ ማንን ጠየቅሽ?»

«ማንንም።»

«የጀመረው ነገር ይኖራል። መጀመሪያ ጅምሩን ጠይቂ፤ ከዚያ አፍሽን ትከፍቻለሽ።»

እህቱን ጠርታ ጠየቀቻት። ሟቹ ለአህያው አዲስ መጫኛ እየገመደ ነበር፤ የተገመደው ጠፍር ከነጅምሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እትዬ አጸደ አየችው፣ በእጇ ዳሰሰችው፣ ወጣችና እንዲህ አለች፦

«መጫኛው ግማሽ ነው፣ አህያው ቆሟል ደጅ፣
ማን ይጭነው እንግዲህ፣ የለ ሚስት የለ ልጅ።»

ቅድም የሳቀው ሁሉ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ግማሹ ከሃፍረት ነበር።

ይህን የማስጽፈው እናንተ አጭር ልብ ወለድ የምትጽፉ ልጆች እየመጣችሁ «ሐሳብ ሲነጥፍብሽ ምን ታደርጊ ነበር?» ስለምትሉኝ ነው። መንጠፉን እናንተ አልጀመራችሁትም። እኔም ነጥፌ አውቃለሁ፤ ያውም ሰው እያየኝ።

እትዬ አጸደ ስታርፍ አውራጅነቱ ለእኔ ተረፈ። ወዲያው ጣልያን ገባ። ሟች በዛ፤ ሬሳ ግን ጠፋ። አንዱ ከገበያ ተወስዶ ይቀራል፣ ሌላው ዱር ገብቶ ይቀራል። ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን እየተጠራሁ አለቅስ ነበር። ድካሙ ሲጸናብኝ ያንኑ ሙሾ ስሙን ብቻ እየለዋወጥኩ ማውረድ ጀመርኩ። ደብረ ብርሃን ላይ አንዲት የባና ሸማኔ ሚስት ባሏን ሳለቅስላት ቀና አለችና፣ «ይህንንማ ባለፈው ለጎረቤቴ ብለሽዋል» አለችኝ። በለቅሶ መሀል! ተነሥቼ ቤት ገባሁ። የሸማኔው ጅምር ባና፣ ያ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ዕቃው ላይ እንደተወጠረ ነበር፤ ጥቁር ሆኖ ይመጣና ከመሀል ላይ ነጭ ይሆናል። ለምን ብዬ ጠየቅሁ። ጥቁሮቹን በጎች የጣልያን ወታደሮች ነድተዋቸው ኖሯል። የዚያን ቀን ሙሾዬን ከዚያ ባና ላይ አገኘሁ። ሴትዮዋም ስሸኝ እጄን ይዛ አልለቀቀችኝም።

ከዚያ አዋጅ መጣ። ጣልያን የሾመው የአገራችን ሹም፣ ዱር ለገባ ሰው ሙሾ የወረደበት ቤት ይቃጠላል አለ። ለቅሶ በተሰማበት ሁሉ አንድ ጠመንጃ የያዘ ባንዳ መጥቶ አጥር ተደግፎ ያዳምጥ ጀመር። እኛም ዱር የሞተውን ሁሉ በወባ ሞተ እያልን አለቀስን።

ግርማ የሚባል አንድ ልጅ ነበረኝ። ዶሮ ሲታረድ አይቶ የሚሸሽ ልጅ ነበር። እሱም ዱር ገባ። በቆላው በኩል፣ ጋሽ ሰይድ በሚባሉ የአልዩ አምባ ነጋዴ አካባቢ መሆኑን አውቃለሁ። ጋሽ ሰይድ ጥጥ ይዘው ለገበያ በወጡ ቁጥር ዓይናቸውን አያለሁ፤ እሳቸውም «ደህና ነው» ይሉኛል። ያቺን ቃል ይዤ እስከሚቀጥለው ገበያ እቆያለሁ።

አንድ ጊዜ ያለ ገበያ ቀን መጡ። ለእኔ ሳይሆን ለጎረቤቶቼ ነገሩ። ጎረቤቶቼም እንደ ወጉ በማለዳ በሬን አንኳኩ። ብዙ መርዶ ሲነገር ያየሁ ሰው ነኝ፤ ገና ሲያንኳኩ ነገሩ ገባኝ። «በወባ ነው» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ግቢዬ ሞላ። ባንዳውም መጣና አጥሩን ተደገፈ። ሰው ሁሉ እኔን ይጠብቃል፤ በእኔ ለቅሶ ላይ አውራጅ ከእኔ ሌላ ማን ይሆናል? ተነሥቼ መሀል ቆምኩ። ምንም የለም። አንድ ቃል የለም። እንባም ቢሆን አልመጣልኝም። ለስንቱ ቤት ያለቀስኩ ሴት፣ ለገዛ ልጄ እንደ ግንድ ተገትሬ ቀረሁ።

ተቀባዬ ብዙነሽ አዘነችልኝ። ልታድነኝ ብላ ነው፤ ከኋላዬ ድምፅዋን ለቀቀችው።

«አንበሳው ልጅሽ...»

ባንዳው ከአጥሩ ቀና አለ። በወባ የሞተ ልጅ ደግሞ መቼ አንበሳ ሆነ? ቤቴ ሊቃጠል እንደሆነ ገባኝ። ከቤቱ ይልቅ ግን ሌላው ነገር አንገበገበኝ። የሚለቀስለት ልጅ የእኔ ልጅ አልነበረም። እጄን አንሥቼ ብዙነሽን ዝም አሰኘኋት።

ጅምሩን ፈለግሁ። እኔ ቤት የጀመረው ምንም አልነበረም፤ ከሄደ ቆይቷል። በወንዶቹ መሀል ጋሽ ሰይድ ራሳቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ወደሳቸው ዞርኩ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ልጄ እናንተ ዘንድ ምን ጀምሮ ነበር?»

«ካብ፣ እትዬ ወርቅነሽ» አሉ። «የፍየሎቼን ማደሪያ። ቁጭ ብዬ አልበላም ብሎ ካብ ጀመረልኝ። እስከ ወገብ አድርሶት ነበር።»

«ለምን አልጨረሰውም? ድንጋይ ጠፋ?»

ባንዳውን በጎን አዩት። «ድንጋይስ ሞልቷል። ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብሎት ነበር። በግራው ብቻ ነበር የሚክበው፤ እሱ ነው ያዘገየው። እናቴ እንዳትሰማ ይለኝ ነበር፤ አላህ ይዘንለት።»

ወባ እጅ አይወስድም። ጥይት መሆኑን እኔም አወቅሁ፣ ግቢው ሁሉ አወቀ። «ደህና ነው» ሲሉኝ በኖሩበት ገበያ ሁሉ ልጄ አንድ እጅ ብቻ ነበረው። በሰው ቤት ሁሉ እየገባሁ የምጠይቅ ሴት፣ ስለ እሱ ግን መኖሩን ብቻ ነበር የምጠይቀው። ምን እየሠራ ነው ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም፤ መልሱን እፈራ ነበር።

ያኔ ቃሉ መጣ።

«የጀመርከው ካብ ነው ከወገብ የቀረ፣
ቀኝህ ወዴት ሄዶ ግራህ ብቻ ኖረ?»

ብዙነሽ ተቀበለች። ግቢው በሙሉ ተቀበለ፤ ጅምር ያልቀረበት ቤት አልነበረም። ባንዳው ከሙሾው ዱርም ጥይትም አላገኘም። የሰማው ስለ ካብ ነው፤ በካብ ቤት አይቃጠልም። ጠመንጃውን አንግቶ ሄደ። እኔ ጎኔን ይዤ እስክወድቅ አለቀስኩ።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ወደ ቆላ ወረድኩ። ጋሽ ሰይድ ካቡ ዘንድ ወሰዱኝ። እውነትም ከወገብ ቀርቷል። ከታች ድንጋዮቹ ትልልቅ ናቸው፤ ወደ ላይ መጠናቸው እያነሰ ይሄዳል። አንዱን ከሥር በግራ እጄ ላነሣ ሞከርኩ። ንቅንቅ አላለም።

«አንቺ ሳታዪው አልነካም ብዬ ነው» አሉኝ። «እንተወው ወይስ እንጨርሰው?»

ፍየሎቹን ጅብ እየበላባቸው ነበር።

«ጨርሱት» አልኳቸው።

እንግዲህ ለጠየቃችሁኝ መልሴ ይህ ነው። ቃል ሲጠፋችሁ አንበሳ አትጥሩ። ሂዱና ሰውየው ምን ጀምሮ እንደነበር ጠይቁ። የምታውቁት ሰው ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ጠይቁ።