ተጋድሞ ወደ አንኮበር

አንዳርጌ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት የፋብሪካ ማሽን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ሁለት ነገር ይዞ ወጣ፤ የምስጋና ወረቀትና የተንሸራተተ የወገብ ዲስክ። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ዲስኩን ግን የሚሰቅልበት አላገኘም።

ሐኪሙ ሚኒባስ ላይ እንዳይቀመጥ መከረው። ምክሩ ግሩም ነበር፤ ችግሩ ታላቅ እህቱ አስካለማርያም የምትኖረው አንኮበር መሆኑ ነው። እሷም ጉልበቷ አልታዘዝ ካላት ቆይቷል። ሦስት ዓመት ሙሉ በስልክ ብቻ ሲጠያየቁ ከርመው፣ በጥቅምት አንድ ቀን «መቼም ለቀብሬ አትቀርም» ብላ ስልኩን ዘጋችበት።

በዚያው ሳምንት አሮጌ ብስክሌቱን ለሁለት ቆረጠና ቱቦ በይዶ አስረዘመው። ፔዳሉን ከፊት አወጣ፤ በኮርቻው ፋንታ የተጣጣፊ አልጋ ሸራ ወጠረበት። ሰው ጋለል ብሎ፣ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ የሚነዳው ነገር ሆነ።

ሚስቱ ዝናሽ ዞራ ዞራ አየችው። «ሌላው ሰው ሲታመም አልጋ ላይ ይተኛል፤ የኔው ደግሞ አልጋውን ይዞ ይዞራል።»

«ወገቤን አያመኝም እኮ!»

«አንተንማ ምን ያምሃል! ነገ ሰፈር ውስጥ መሳቂያ የምሆነው እኔ ነኝ።»

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነሣ። ከከተማው እንደወጣ ፒስታው መንገድ ተቀበለው። መቼም መንገዱን የሠራው ሰው በድንጋይ ስስት አይታማም። ሌላ ብስክሌተኛ አቧራውን ከላይ ሆኖ ያየዋል፤ አንዳርጌ ግን መሐሉ ነው የተኛው። አይሱዙ ባለፈ ቁጥር ዓለም ትጠፋና ጥርሱ መሐል ተመልሳ ትገኛለች። የገበሬዎቹ ውሾችም ፊት ለፊት የሚያናግሩት ብስክሌተኛ በማግኘታቸው ደስታቸውን አልደበቁም።

አንድ ቁልቁለት ግርጌ ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ቆመ። አንዳርጌ አልወደቀም፤ የሚወድቅበት ከፍታ አልነበረውም። ትንፋሹን እስኪሰበስብ እንደተጋደመ ዓይኑን ጨፈነ።

«ኡኡ! ሰው ሞተ!» አለች አንዲት ገበያተኛ።

ሚኒባስ ቆመ፤ ተሳፋሪው ወርዶ ከበበው። አንድ አረጋዊ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ የክርስትና ስምህ ማነው?»

«ወልደ ሰንበት። አባቴ፣ አልሞትኩም፤ እየሄድኩ ነው።»

«አዎ ልጄ፣ ሁላችንም እየሄድን ነው።»

መስቀሉን ተሳልሞ ፔዳሉን ረገጠ። ገበያተኛዋ ለቅሶዋ በከንቱ በመቅረቱ ፊቷን አጠቆረች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እህቱ ደጃፍ ደረሰ። አስካለማርያም አመድ የመሰለውን ሰው ትኩር ብላ አየች።

«ማነህ አንተ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

በነጠላዋ ጫፍ ግንባሩን ጠረገችው፤ ከዚያ ጉንጩን፤ ከዚያ እንደገና ግንባሩን። ፊቱ ሲጠራላት ትከሻውን በጡጫ መታችውና አንገቱ ሥር ገብታ አለቀሰች።

ማታ ስታወራ፣ ከፋሲካ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ እንደማታውቅ ነገረችው። ጉልበቷ ዳገቱን እምቢ ብሏል።

እሑድ ጠዋት ሸራው ላይ አጋደማትና እየገፋ ዳገቱን ወጣ። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲደርሱ ምእመናኑ ጸሎቱን ትተው እነሱን ማየት ያዙ። አንዳርጌ አፍሮ እርምጃውን አፋጠነ።

«ምን ያስሮጥሃል?» አለችው ነጠላዋን እያስተካከለች። «ቀስ በል፤ በደንብ ይዩኝ እንጂ!»