ማር ቀማሿ ምንዳዬ በጉንፋናቸው ሰሞን

እትዬ ምንዳዬ በመቱ ቅዳሜ ገበያ ዐሥራ አምስት ዓመት ማር እየቀመሱ ፈርደዋል። ሹመቱን የሰጣቸው ማንም የለም፤ ልንጠቅ ያለም አልነበረም። ከዳሪሙ በእግሩ የመጣ ባለ ማርና የከተማው ጠጅ ጣይ ሳይተማመኑ ሲቀሩ፣ ሁለቱም ወደ እርሳቸው በርጩማ ይመጣሉ። እርሳቸው በስንደዶ ጫፍ ጨልፈው ይልሳሉ፣ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ከዚያም «የቡና አበባ ነው» ወይም «ሲቆረጥ ጭስ በዝቶበታል» ይላሉ። ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ዕውቀታቸው ሁሉ ያለው በምላሳቸው ላይ እንደሆነ ያምኑ ነበር። ስለዚህም ገበያ ሲቃረብ በርበሬ አይቀምሱም፤ ባለቤታቸው አቶ ወልደ ማርያም ለሚስታቸው ምላስ ሲሉ ዓርብ ዓርብ አልጫ ይበላሉ፤ ይህም ካልተጻፉት ሰማዕትነቶች አንዱ ነው። ለአፍንጫቸው ግን ከመጥረግ ያለፈ ክብር አልሰጡትም። እንዲያውም ሀረገወይን የምትባል ወጣት ጠጅ ጣይ ማር ስትገዛ አስቀድማ ስታሸት ባዩ ቁጥር፦

«አንቺ ልጅ፣ ማር ይላሳል እንጂ ይሸተታል እንዴ? የውሻ ሥራ አደረግሽው እኮ!» ይሏታል።

«ውሻ ቤቱን አይስትም፣ እትዬ» ትላለች እርሷ፤ ማሽተቷንም አትተውም።

በ፲፱፻፲፰ ዓ.ም. ጥቅምት እትዬ ምንዳዬን ጉንፋን ያዛቸው። በዚያው ቅዳሜ የማኅበር ተረኛ የነበሩት ጸሐፊ ገብረ ሥላሴ ለጠጅ የሚሆን ማር ሊገዙ መጡ። የቡሬው ነጋዴ አምባዬ ቅሉን ከእትዬ ምንዳዬ ፊት አስቀመጠ።

«ደማ አዲ፣ ነጭ ማር ነው! እትዬ ይቅመሱትና ይፍረዱ።»

«እርስዎ ደህና ነው ካሉኝ ሁሉንም እወስዳለሁ» አሉ ጸሐፊው።

እትዬ ምንዳዬ ላሱ። ጣፈጣቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ፤ ከጣፋጭነቱ በኋላ የሚከተል ነገር አልመጣም። ከአጠገባቸው የነበረውን የዳሪሙ ማርም ቀመሱ፤ እሱም ጣፋጭ ነው። በዐሥራ አምስት ዓመት ሁለት ቅሎች አንድ ዓይነት ሲሆኑባቸው የመጀመሪያው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምላስ የምትታወቀው በወሬ ብዛት ቢሆንም የምታውቀው ጥቂት ነው፦ ጣፋጭን፣ ኮምጣጣን፣ ጨውን፣ መራራን፣ የሥጋ መረቅ ወዝንም። አበባውን፣ ጭሱን፣ ቅቤውን የሚለየው አፍንጫ ነው። የምንልሰው ማር አፋችን ውስጥ ሲሞቅ ሽታው ይነሣና ከጉሮሮ በላይ ባለው የጓዳ በር ወደ አፍንጫ ይወጣል፤ እዚያም ላይ ሽታን የሚለይ ስስ ሥጋ ይቀበለዋል። እኛም የአፍንጫን ሥራ ለምላስ እናመሰግናለን። ጉንፋን ሲመጣ በሩ ይደፈናል፤ ምላስም ብቻዋን ትቀራለች። ያላመነ ልጅ አፍንጫውን ይዞ ማር ይላስ፤ ከዚያ ይልቀቀው።

እትዬ ምንዳዬ ይህን ያስረዳቸው አልነበረም፤ ማወቅ ያለባቸውን ግን አወቁ። «ደህና ነው» ብለው ጠጁ ማኅበርተኛው ፊት ጭስ ጭስ ቢል፣ ወደ በርጩማቸው ዳግም የሚመጣ የለም። «አላውቅም» ቢሉ ደግሞ ስማቸው ዛሬውኑ ይወድቃል። ገበያተኛው ከቧቸው ቆሟል።

«ሀረገወይን! ነይና ይህን አሽትቺ።»

«ይላሳል እንጂ ይሸተታል እንዴ ይሉ አልነበር?»

«ብያለሁ። አሁን ደግሞ ነይ እያልኩሽ ነው። መሳቁን በኋላ ትደርሺበታለሽ።»

ሀረገወይን ቅሉ ላይ ጎንበስ አለች፤ ቀና ስትልም አልሳቀችም።

«ጭስ አለው። ቀፎውን ሲያወርዱ እርጥብ ቅጠል አጭሰውበታል።»

አምባዬ ተቆጣ። «በአፍንጫ ይፈረዳል እንዴ? እትዬ፣ እርስዎ ቀምሰውት የለም ወይ?»

«ቀምሻለሁ። ምላሴ ጣፋጭ ነው ብላለች፤ ዛሬ የምታውቀው እሱን ብቻ ነው። ጉንፋን ይዞኛል፤ ሀረገወይን ያለችውን ያዙ።»

ጸሐፊ ገብረ ሥላሴ በሀረገወይን አፍንጫ አስመርምረው የዳሪሙን ማር ገዙ። አምባዬ ቅሉን አንሥቶ ሄደ፤ መንገድ ላይ ስለ ሴቶች የተናገረውን የሰማ የለም ይባላል።

ጉንፋኑ በሁለተኛው ሳምንት ለቀቃቸው፤ የቡና አበባውም ተመለሰ። ሀረገወይን ግን ከአጠገባቸው አልተነሣችም፤ እርሳቸውም ተነሺ አላሏት። ከዚያ ወዲያ ለአንድ ማር የሁለት ሰው ፍርድ ይጠበቅ ጀመር፤ ሁለቱ ያልተስማሙ ዕለት ባለ ማሩ እስከ ቀትር ፀሐይ ላይ ይቆማል።