የገጣቦች ጠበቃ

በዚያች ከተማ ለጋሪ ፈረስ የጀርባ ትራስ የምትሰፋ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ስፌቷን ሁሉም ይወድላታል፤ ደንቧን የሚወድላት ግን አልነበረም። ደንቧ ፈረሱ ራሱ ካልመጣ ትራስ የለም የሚል ነው። ፈረሱ ሲመጣ ከስፌት መኪናዋ ትነሣለች፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ትሰቅላለች፣ ከዚያም መዳፏን ከትከሻው ጀምራ እስከ ወገቡ ቀስ አድርጋ ታሳልፋለች። ጀርባው ከተገጠበ «አሳርፈውና ሲድን ተመለስ» ብላ ወደ ወንበሯ ትመለሳለች።

«ታዲያ ቁስሉን እንዲሸፍንለት አይደል ትራሱን የፈለግኩት?» የሚላት ነጂ አይጠፋም።

«ድስት ነው እንዴ የምከድነው?» ትለዋለች ቀና ሳትል።

ስለዚህ «የገጣቦች ጠበቃ» የሚል ስም አወጡላት። ያወጡላት ለስድብ ነበር፤ እሷ ግን እንደ ሹመት ተቀበለችው። እውነቱን ለመናገር ሌላ ሹመትም ነበራት፤ የጋማ ከብት ጥበቃ ማኅበር ሰብሳቢ ነበረች። ማኅበሩ ሲቋቋም ቤቷ ሞልቶ ሰው በር ላይ ቆሞ ነበር። ከዚያ የእንስሳት ሐኪሙ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። አስተማሪው አገባና ቀረ። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት «እኔስ ሳቁ ሰለቸኝ፤ ባለፍኩ ቁጥር እንደ አህያ ያናፉብኛል» ብላ ተሰናበተች። አንዱ ሲሄድ ሌላው ሲከተል ሰብሳቢውም ጸሐፊውም አባሉም እሷው ሆነች። ቢሆንም እሑድ ከሰዓት በኋላ አግዳሚ ወንበሮቹን ወልውላ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ትቀመጥ ነበር። የሚገባው ነፋስ ብቻ ነው። ሲመሽ «ዛሬም ጉባኤው አልሞላም» ትልና ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው ትገፋቸዋለች።

ይህን ሁሉ ትችለው ነበር። ያልቻለችው የወንድሟን መቅረት ነው።

ወላጆቻቸው ሲሞቱ እሱ ገና ጥርሱን አልነቀለም ነበር። አዝላ፣ አጉርሳ፣ አስተምራ ያሳደገችው እሷ ናት። አድጎ ጋሪ ነጂ ሆነ። ማኅበሩ ገና ትኩስ በነበረበት ጊዜ ግን አንድ ቀን ጋሪ መቆሚያው ላይ የወንድሟን ፈረስ ተገጥቦ አገኘችው፤ ሰው ሁሉ እያየ በገዛ እጇ ከጋሪው ፈታችው። ነጂዎቹ አጨበጨቡ። ወንድሟ ጭብጨባው እስኪያልቅ መሬት መሬቱን ሲያይ ቆየና፣ «ከእንግዲህ እኅት የለኝም፤ ያለችኝ ሰብሳቢ ናት» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በበሯ ሲያልፍ ፊቱን ወደ ማዶ ያዞር ነበር።

ዓመታት አለፉ። ከዚያ አንድ ጠዋት በሩ ላይ ጥላ አረፈ።

«እትዬ» አለ።

ያን ቃል ከሰማች ስንት ጊዜዋ ነው! መርፌው ጣቷን ወጋት። ቀና ስትል ወንድሟ ግንባሩ ላይ ነጭ ቦቃ ያለው ዳማ ፈረስ ይዞ ቆሟል። ፀጉሩ አልፎ አልፎ ሸብቷል።

«የአንተ ነው?»

«የማን ይሁን ታዲያ?»

መዳፏን አሳለፈች። ጀርባው እንደ መስተዋት ነው፤ አንዲት ጭረት አልነበረበትም። እንባዋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ፈረሱ አንገት አስጠጋች። ያን ትራስ እንደሰፋችው ለማንም ሰፍታ አታውቅም። ጭዱን በወንፊት ነፋች፣ ለስላሳውን ቆዳ ወደ ውስጥ አደረገች፣ ክሩን በሰም አሸች። ሲወስደው «እሑድ ምሳ ና» አለችው።

መጣ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተንፈላሶ «በይ እንግዲህ፣ ስብሰባውን ክፈቺው፤ አጀንዳው ምሳ ነው» ሲላት እስኪያማት ሳቀች። በሚቀጥለውም እሑድ መጣ፤ በሚቀጥለውም። ሁልጊዜ የሚመጣው በእግሩ ነበር። ጋሪውን ለምን እንደማያመጣ አልጠየቀችውም፤ እሱ መምጣቱ በቅቷት ነበር።

አንድ ማክሰኞ ሌላ ነጂ ጥርት ያለ ዳማ ፈረስ ይዞ መጣ። ፈረሱ ማንም ሳይነግረው ከስፌት መኪናዋ አጠገብ መጥቶ ቆመና ትከሻውን ወደ እጇ አስጠጋ፤ ሲለካ የኖረ ደንበኛ ይመስል ነበር። ጠረጠረች። የሽርጧን ጫፍ ምራቅ አስነክታ ግንባሩን ብታሸው ጥላሸቱ ለቀቀ፤ ከሥሩ ነጭ ቦቃ ብቅ አለ።

«ይህ የወንድሜ ፈረስ አይደለም እንዴ?»

ነጂው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «የወፍጮ ቤቱ ፈረስ ነው፣ እትዬ። ዱቄት ብቻ ስለሚጎትት ጀርባው ደህና ነው። እርስዎ ጋ የምንመጣው ሁላችንም እሱን ተውሰን ነው። አንዳንዴ ጥላሸት፣ አንዳንዴ ጭቃ እንቀባዋለን።»

«ወንድሜም?»

ሳቁ ከነጂው ፊት ጠፋ። ፈረሱን ጎትቶ ወጣ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን መነጽሯን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ጋሪ መቆሚያው ትሮጥ ነበር። አሁን ግን ተመልሳ ተቀመጠች። እሑድ ምሳ ላይ «ፈረሱ እንዴት ነው?» አለችው፣ ድምጿን ቀለል አድርጋ።

«ደህና ነው» አለ ሳህኑን እያየ።

«ስንጨርስ ወጣ ብለን ልየው?»

እጁ ከአፉ ሳይደርስ ቆመ። «እትዬ፣ እሑድን እንኳ እኅቴ ብቻ ሁኚ።»

ተጨማሪ ምግብ አቀረበችለት። ሌላም እሑድ እንዲሁ አለፈ። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ሳህኑን እያጠበች እጇን ውሃው ውስጥ ትረሳዋለች። ያን ለስላሳ ቆዳ የመረጠችው ለማን ገላ እንደሆነ፣ አሁን ከሥሩ ምን እንዳለ ታስባለች።

በመጨረሻ ሄደች። ጋሪ መቆሚያው ላይ ስትደርስ ወሬው ቀጥ አለ። ነጂዎቹ ያለፈውን ጭብጨባ አልረሱም፤ ክብ ሠርተው ጠበቋት። የወንድሟ ፈረስ አሮጌ ግራጫ ነበር፤ ትራሷ ላዩ ላይ አምሮበታል። ወንድሟ ልጓሙን ይዞ በዓይኑ ይለምናታል። መዳፏን ከትራሱ ሥር አስገባች። ፈረሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተንቀጠቀጠ፤ እጇ ርጥብ ሆኖ ወጣ። ሰው ሳያይባት በሽርጧ ሸሸገችው።

«ደህና ነው» አለች ጮክ ብላ።

ክቡ በብስጭት ተበተነ። እሷም አለፍ ስትል ለወንድሟ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ስትጨርስ ቤት አምጣው» አለችው።

ፊቱ በርቶ መጣ። የግቢው በር እንደተዘጋ ግን ማሰሪያውን መፍታት ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው? ደህና ነው አላልሽም?»

«ያልኩት ለሰው ነው።»

ትራሱን ስታነሣ ቆዳው አብሮ ሊነሣ ነበር። ሽታው ግቢውን ሞላው። ወንድሟ ፊቱን አዞረ።

«እሺ፣ እሱ ሲያርፍ እኔ ምን ልሁን? ልጆቼ ሣር ይጋጡ?»

«ይዘሃቸው ና። እስኪድን እዚህ ትበላላችሁ። ያለኝን እንካፈላለን።»

«እኔንም ከፈረሱ ጋር አስረሽ ልትቀልቢኝ ነው?»

«ወንድምዬ፣ እንዲያ አትበል።»

«ማንም አላየም እኮ፣ እትዬ! አንቺ ዝም ብትዪ ማን ያውቃል?»

እጇን ዘርግታ አሳየችው። ብትታጠብም ጣቶቿ መሐል የቁስሉ መግል ቀርቶ ነበር። ወንድሟ እጇን ሊይዝ የቃጣ መሰላት፤ ግን አለንጋውን ከጋሪው ላይ አንሥቶ በእግሩ ወጣ። በሩን እንኳ አልዘጋውም።

ፈረሱ እሷ ግቢ ከረመ። ጠዋት ማታ በጨው ውሃ እያጠበች፣ ዝንብ እያባረረች አስታመመችው። ወንድሟ ወፍጮ ቤት ጆንያ ሲሸከም እንዳዩት ሰዎች ነገሯት። ምሳ ቋጥራ ላከች፤ እንደ ተቋጠረ ተመለሰ። ቁስሉ ደርቆ ፀጉር ሲያበቅል ፈረሱን ከነጋሪው ራሷ ስባ ጋሪ መቆሚያው ወሰደችው፤ ልጓሙን ለወንድሟ ሰጠችው። ተቀበላት፤ ዓይኗን ግን አላየም።

አሁን በየጠዋቱ በበሯ ያልፋል። ያልፋል ማለቴ፣ ሊያልፍ ይፈልጋል። ግራጫው ፈረስ ግን ቤቱን ለምዶታል፤ ደጃፏ ሲደርስ በራሱ ቀጥ ይላል። ወንድሟ አለንጋውን ጭኑ ላይ አኑሮ ፊቱን ወደ ማዶ ያዞራል። ፈረሱን መትቶት አያውቅም። እሷም ወጥታ መዳፏን ከትራሱ ሥር ታስገባለች፤ ደረቅ ሆኖ ይወጣል።

«ደህና ነው» ትላለች።

 እሱም ጉሮሮውን ይጠርግና «በል ሂድ» ይላል፤ ለፈረሱ ነው። ጎማው ከመታጠፊያው እስኪሰወር ድረስ በሩ ላይ ትቆማለች። እሑድ ሲደርስ ወንበሮቹን ትወለውላለች።