ከወንዙ ማዶ የቆሙት

ሰፈርተኛው «እትዬ ሞተር» ይላታል። ወንዙ ዳር ባለው ፓምፕ ቤት፣ ውሃ ወደ ከተማው የሚገፋውን ሞተር ስታስነሳና ስታጠፋ ነው ዕድሜዋን የገፋችው። ጩኸቱ ጆሮዋን ስላደከመው የምታወራው ጮክ ብላ ነው። ባሏ የውሃ ቦቴ ሹፌር ነው፤ «እኔን ስትቆጣኝ ሰፈሩ ሁሉ ይታረማል» እያለ ይቀልድባታል።

በበጋ ሣሩ አርሮ ኩሬው ሁሉ ሲደርቅ፣ የማዶው ሜዳ አውሬ ወደ ወንዙ ይወርዳል። እሷም የናፍጣ ጀሪካን ደፍታ ደጃፉ ላይ ቁጭ ትልና ታያቸዋለች። ጎሾቹ እየተጋፉ ይመጣሉ። ቀጭኔዎቹ እግራቸውን አንፈራጠው ለመጎንበስ ሲቸገሩ ሁልጊዜ ያስቋታል። ዝሆኖቹ ግልገሎቻቸውን መሃል አድርገው፣ ሳይቸኩሉ፣ ማንንም ሳያስቸኩሉ ይጠጣሉ። እንደ ጎረቤት ለምዳቸዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ሁሉም ባንዴ መጡ። ዝሆኑ፣ ጎሹ፣ የሜዳ አህያው፣ ቀጭኔው በዳርቻው ርዝመት ተደርድረው፣ ውሃው አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። አንድም የጠጣ የለም። አንድ የዝሆን ግልገል ጥሙ አላስችለው ብሎ ወደ ውሃው ሲል፣ እናቱ በኩምቢዋ መለሰችው። ከሜዳ አህዮቹ አጠገብ አንበሳ ተጋድሟል፤ እነሱም አልሸሹ፣ እሱም ዞር ብሎ አላያቸው። ፊታቸው ሁሉ ወደ ፓምፕ ቤቱ ነበር። ከኋላዋ የሆነ ነገር ያለ መስሏት ዞረች። ግድግዳው ብቻ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሳይጠጡ ተመለሱ።

ለባሏ ስትነግረው ሠርግ የተጠሩ መስሏቸው ይሆናል ብሎ ሳቀባት። በማግስቱ ግን ቦቴውን አቁሞ አብሯት ጠበቀ። እንደገና መጡ፤ እንደገና ቆሙ። ቀልዱ አፉ ላይ ደረቀ።

«እስቲ ሞተሩን አጥፊው» አላት።

አጠፋችው። ወፍ እንኳ አልጮኸም። ባሏ ማዶ ማዶውን ሲያይ እሷ ወደ እግሯ አቀረቀረች። ለጆሮዋ ያልተሰማ ነገር በጫማዋ ሶል በኩል ይመጣ ነበር። ጫማዋን አውልቃ ባዶ እግሯን ሲሚንቶው ላይ አሳረፈች።

«ሞተሩ ጠፍቷል አይደል?»

«ራስሽ አጥፍተሽው።»

«ታዲያ ይሄ የሚንቀጠቀጠው ምንድን ነው?» አለች፤ ያን ቀን ብቻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

የውሃ ቢሮው መሐንዲስ ሲነገረው አላሾፈም። መጥቶ መዳፉን ወለሉ ላይ አስቀመጠና ብዙ ቆየ። ምን እንደሆነ እንደማያውቅ፣ ግን እዚያ ውስጥ ማንንም እንደማያሳድር ተናገረ። ሞተሩ እንኳ እስኪነቀል አልጠበቀም፤ በሩን ዘግቶ ሦስቱም ከፍ ወዳለው መንገድ ወጡ። ማዶ አውሬዎቹ እንደ ልማዳቸው መጥተው ቆመው ነበር።

ብዙም አልቆየ። ፓምፕ ቤቱ፣ ደጃፉ፣ የአፈሩ ዳርቻ አንድ ላይ፣ እንደ ደከመው ሰው ቁጭ አለ። ከዚያ ወንዙ ከላዩ ገጠመ። ያን ያህል ድምፅ እንኳ አልነበረውም።

ውሃው ገና አፈር አፈር እያለ ሲደፈርስ፣ ከማዶ ያሉት ባንድ ላይ ወርደው መጠጣት ጀመሩ።

ባሏ እጇን ያዛት። መሐንዲሱም በኋላ ላይ፣ ውሃው ከሥር ገብቶ መሬቱን ሲቦረቡረው እንደኖረ አስረዳቸው። መንቀጥቀጡ ከዚያ ነው አለ። ስለ አውሬዎቹ ስትጠይቀው ግን አዲሱን ቦታ ሊለካ ተነሳ።

አሁን አዲሱ ፓምፕ ቤት ራቅ ብሎ አለቱ ላይ ተሠርቷል፤ እሷም እዚያው ትሠራለች። ግንበኛው ለወንዙ እይታ ሲል ትልቅ መስኮት ሊያወጣላት ነበር፤ በመንገዱ በኩል አድርግልኝ አለችው። ሰዎች አውሬዎቹ እንዳዳኗት እያወሩ ያመሰግኗቸዋል። እሷ አታርማቸውም። አንዴ ብቻ፣ ለባሏ እህት፣ ሻይ እየጠጡ ሳለ እንዲህ አለቻት፦

«ያስጠነቀቁኝ ይመስላችኋል። እኔ ፊታቸውን አይቻለሁ። እየጠበቁ ነበር።»

ምን እስኪሆን ይጠብቁ እንደነበር የባሏ እህት አልጠየቀችም። ሻይዋን ጨርሳ ገና ቀን ሳለ ወደ ቤቷ ሄደች።