በእናት በኩል ያልተቆጠረው

የመጀመሪያ ልጄ በስድስት ወሩ ሲሞት ዘመዶቼ ቡዳ ነው አሉ፤ የአዳማ ጎረቤቶቼ ጥርስ ነው አሉ። ሳሉ ሲተወው ተቅማጡ፣ ተቅማጡ ሲተወው የአፉ ነጭ ቁስል ይነሳበት ነበር። ስለዚህ ሴቷ ልጄ በተወለደች በሦስተኛው ሳምንት አንዴ ብታስል ይዣት ሆስፒታል ሮጥኩ።

ሐኪሙ የሟቹን ታሪክ ከሰማ በኋላ አስቀምጦ አስረዳኝ። ከወላጅ የሚወረስ የኢንዛይም ጉድለት አለ፤ ያ ኢንዛይም ሲጎድል ሰውነት ውስጥ መርዝ ይጠራቀምና በሽታ የሚከላከሉትን የደም ሕዋሶች ይጨርሳቸዋል። ይህን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ስላሉ የእኔን፣ የባሌንና የልጅቷን ደም ልላክ አለኝ። ፈረምኩ።

"ውጤቱ እስኪመጣ ማንም እንዳይስማት" አለኝ። ቀጥሎ "ከባለቤትሽ ጋር ትዛመዳላችሁ?"

"ኧረ ዶክተር፣ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የተጋባነው" አልኩት። ተቀይሜዋለሁ።

ቤት ገብቼ በሬን ዘጋሁ። ጎረቤቴ ገንፎ ይዛ ደጅ ቆማ "ልዕልት ነው እንዴ የወለድሽው? በቀጠሮ ነው የምትታየው?" ትላለች። ሳቅኩላት እንጂ አልከፈትኩም።

ሊያርሱኝ የመጡት አማቴ የሕፃኗን ጨርቅ እያጠቡ ነበር። የሐኪሙን ጥያቄ እንደ ቀልድ ስነግራቸው እጃቸው ውሃው ውስጥ ቀረ።

"ሽማግሌዎቹ የቆጠሩት በአባት በአባት ነው፣ ልጄ" አሉ። "የእኔ እናትና የእናትሽ እናት እህትማማች ነበሩ። አንዷ መቂ፣ አንዷ ሞጆ ተድረው ተራራቁ። እኔም የሰማሁት በሠርጋችሁ ዋዜማ ነው።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ፣ እማማ?"

"ምን ልበል? በሬው ታርዷል።"

ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበረኝም። ለሐኪሙ ደውዬ ነገርኩትና ለልጄ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኩት። "ለጥናቱ ይጠቅማል" አለኝ። እኔ ስለ ጥናቱ አልነበረም የጠየቅኩት።

ከዚያ በኋላ ባጠባኋት ቁጥር አፏን ከፍቼ ነጭ ነገር እፈልጋለሁ። ስልክ ሲጠራ ልጅቷን እንደታቀፍኩ እሮጣለሁ።

አንድ ረፋድ ላይ ሐኪሙ ደወለ። እኔና ባሌ ሁለታችንም ጉድለቱን ተሸክመናል። ልጅቷ ግን የወረሰችው ከአንዳችን ብቻ ስለሆነ አትታመምም።

"ይድገሙልኝ" አልኩት። ደገመልኝ።

"ከእሷ በኋላ ብወልድስ?"

"በእያንዳንዱ እርግዝና፣ ልጁ ከአራት አንድ የመታመም ዕድል አለው።"

ባሌ ከሞጆው ደረቅ ወደብ ሥራው ሲመለስ ልጃችን ደህና ናት አልኩት። ተንበርክኮ አለቀሰ። ወንዱን ስንቀብር እንኳ እንዲህ አላለቀሰም። ከአራት አንዱን ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ እስከ እሑድ ድረስ አልነገርኩትም።